ብረት የያዘ ባለምሰሶ ሸክላ፦ ኦርጋኒክ በካዮችን ከውሃ ውስጥ የሚያፈርስ ካታሊስት አሠራርና አፈታተን

ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ባለበት ውሃ ውስጥ ጥቂት ቤንቶናይት (በውሃ የሚያብጥ ሸክላ) ጨምሮ ማማሰል ብቻውን ውሃውን በደቂቃዎች ያጠራዋል። ቀለሙ ግን አልጠፋም፤ ከውሃው ወጥቶ ሸክላው ላይ ተለጠፈ እንጂ። ሸክላው በተጣለበት ሁሉ በካዩም አብሮት ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ከመለጠፍ ያለፈውን ሥራ ነው፦ በሸክላው ንጣፎች መካከል የአሉሚኒየምና የብረት ኦክሳይድ ምሰሶዎችን ማቆም፣ ከዚያም በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እያገዙ በካዩን ማፍረስ። ካታሊስቱን (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥነውን ሸክላ) ማዘጋጀት የሚጠይቀው በአብዛኛው ትዕግሥት ነው። ከባዱ ነገር ካታሊስቱ በእርግጥ መሥራቱን ማረጋገጥ ስለሆነ ለፍተሻው ሰፊ ቦታ ሰጥተነዋል።

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን

የቤንቶናይት ዋና ማዕድን ሞንትሞሪሎናይት ነው። ይህ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረቡ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 1 ናኖ ሜትር ውፍረት ባላቸው ንጣፎች የተሠራ ነው። ንጣፎቹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው በመካከላቸው ሶዲየም፣ ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም አየኖችን ይይዛሉ። እነዚህ አየኖች በሌላ አየን ሊተኩ ይችላሉ። የመተካት አቅሙ ብዙውን ጊዜ በ100 ግራም ሸክላ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ኢኩይቫለንት ነው።

አሉሚኒየም ክሎራይድ በልክ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲታከም 13 የአሉሚኒየም አቶሞች የያዘና 7 ፖዚቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ትልቅ አየን ይፈጠራል፤ የኬጊን አየን ይባላል። ይህ አየን ሶዲየሙን አስወጥቶ በንጣፎቹ መካከል ይገባል፣ በሙቀት ደግሞ ውሃውን ጥሎ የኦክሳይድ ምሰሶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሸክላው ቢደርቅም ንጣፎቹ አይገጥሙም። አሉሚኒየሙ ምሰሶውን ሲያጸና ብረቱ ሥራውን ይሠራል። ብረት ብቻውን ምሰሶ እንዲሆን መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን ብረት ለብቻው ሲሆን በቀላሉ ዝገት መሰል ዝቃጭ ይሆናል፣ ንጣፎቹም ወጥ በሆነ ርቀት አይከፈቱም። ለጀማሪ የምንመክረው የሁለቱን ቅልቅል ነው።

ብረትና ፐሮክሳይድ ሲገናኙ የሚሆነውን እንግሊዛዊው ኬሚስት ፌንተን በ1894 ነበር ያሳተመው። ባለ 2 ቻርጅ ብረት ፐሮክሳይዱን ሰብሮ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ እጅግ ንቁ የሞለኪውል ክፍል ያወጣል፤ ይህ ራዲካል አብዛኞቹን ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ያጠቃል። ብረቱ በዚህ ጊዜ ወደ ባለ 3 ቻርጅ ይለወጣል። ወደ ባለ 2 የሚመልሰውም ራሱ ፐሮክሳይዱ ነው፤ ሆኖም ይህ የመልስ ጉዞ ከመጀመሪያው እርምጃ በሺዎች እጥፍ ይዘገያል። የሥራው ፍጥነት በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የፌንተን አሠራር ብረቱ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ መጨረሻ ላይ ውሃው ገለልተኛ ሲደረግ ብዙ የብረት ዝቃጭ ይተርፋል። በሸክላው ላይ የታሰረ ብረት ግን ተጣርቶ እንደገና ይሠራል። የዚህ ሁሉ ልፋት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሸክላውን መምረጥና ማጽዳት

የማያብጥ ሸክላ ምሰሶ አይቀበልም። ካኦሊን ለዚህ አይሆንም። ያላችሁን ለመፈተን 100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ በባለመስመር ሲሊንደር አድርጉ፤ 2 ግራም ደረቅ ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሳችሁ፣ የነሰነሳችሁት እስኪሰምጥ እየጠበቃችሁ ጨምሩ። በማግስቱ የተከማቸው ሸክላ 24 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከያዘ ጥሩ ሶዲየም ቤንቶናይት ነው። ካልሲየም ቤንቶናይት የሚያብጠው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ይህ ማለት ግን አይረባም ማለት አይደለም፤ ካልሲየሙ በሶዲየም ሲተካ ይነቃል።

ቀጥሎ ካርቦኔት መኖሩን እዩ። ጥቂት ሸክላ ላይ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጉ። ከፈላና አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለው ማለት ነው። ካርቦኔት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የምሰሶውን ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከፍ አድርጎ ያዘቅጠዋል፣ በኋላም ራዲካሎቹን ይበላል። ለማስወገድ ሸክላውን በውሃ በጥብጣችሁ፣ ፒኤቹ ከ5 እንዳይወርድ እየለካችሁ፣ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ አረፋው እስኪቆም ጨምሩ። ጠንካራ አሲድ ተጠቅሞ ማፋጠን ንጣፎቹን ራሳቸውን ይበላል።

ለ40 ግራም ሸክላ 58.4 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ። ሸክላውን እያማሰላችሁ ነስንሱበት፤ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ውጪው አብጦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሆናል። ሌሊቱን ይማሰል፤ በማግስቱ ረግቶ የጠራውን ውሃ ድፉና በአዲስ የጨው ውሃ ሁለት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡ። በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ሸክላው ቶሎ ይረጋል፣ ውሃው ከላይ ይጠራል። ጨው እየጠፋ ሲሄድ ሸክላው መርጋቱን ያቆማል፣ ውሃውም ወተት መስሎ ይቀራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ጨው ማለቁንና ንጣፎቹ መላቀቃቸውን ይነግራችኋል። ከዚህ በኋላ ሴንትሪፊውጅ ያስፈልጋል።

አሸዋና ኳርትዙ የሚወጣው አሁን ነው እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም፤ ምክንያቱም ያልተላቀቀ ሸክላ ከአሸዋው ጋር አብሮ ይሰምጣል። ብጥብጡን በረጅም ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ8 ሰዓት ሳትነኩት አስቀምጡት፤ ከዚያም የላይኛውን 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ በቀጭን ቱቦ ሳቡ። ከ2 ማይክሮ ሜትር የሚበልጠው ቅንጣት በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። ውሃው ከቀዘቀዘ ቆይታው ይረዝማል።

የሳባችሁትን ሸክላ አታድርቁት። የደረቀ ሶዲየም ሞንትሞሪሎናይት እንደ ቀንድ ይጠነክራል፤ መልሶ መበተኑም ረጅም ሥራ ነው። ይልቅ 50 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በ105 ዲግሪ አድርቃችሁ መዝኑ፤ በሊትር ስንት ግራም እንዳለ ካወቃችሁ ቀሪውን እንደ ብጥብጥ ትጠቀሙበታላችሁ።

የምሰሶውን ፈሳሽ ማዘጋጀት

ከዚህ በታች ያለው መጠን ለ10 ግራም ሸክላ ነው።

- አሉሚኒየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት 21.7 ግራም (90 ሚሊ ሞል)
- ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት 2.70 ግራም (10 ሚሊ ሞል)
- ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 8.00 ግራም (200 ሚሊ ሞል)
- 10 ግራም ሸክላ የያዘ ብጥብጥ፣ ከ500 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሊትር

አሉሚኒየም ክሎራይዱ ሄክሳሃይድሬት መሆኑን ከዕቃው ላይ አንብባችሁ አረጋግጡ። ውሃ የሌለው ዓይነት ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይፈላል፤ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጢስም ያወጣል።

ሁለቱን ክሎራይዶች አንድ ላይ በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ፤ የብረታ ብረቱ ጠቅላላ መጠን 0.2 ሞላር ይሆናል። ሃይድሮክሳይዱን ለብቻው በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ፤ እሱም 0.2 ሞላር ነው። የክሎራይዱን ፈሳሽ 60 ዲግሪ አድርሳችሁ በኃይል እያማሰላችሁ ሃይድሮክሳይዱን ከቡሬት ወይም ከፔሪስታልቲክ ፓምፕ በደቂቃ 4 ሚሊ ሊትር ያህል አንጠባጥቡ። ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ አይፋጠንም።

በዚህ ሰዓት ዓይናችሁ ጠብታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ ጠብታ ሲያርፍ ትንሽ ቡናማ ደመና ይሠራል፣ ተማስሎም ይጠፋል። ደመናው ሳይጠፋ የሚቀጥለው ጠብታ ከደረሰበት ፍጥነቱ በዝቷል፤ ማንጠባጠቡን አቁማችሁ እስኪጠራ ጠብቁ። ፈሳሹ መጨረሻ ላይ ሻይ የመሰለ ግን በብርሃን ሲታይ ጥርት ያለ፣ ፒኤቹም 4 አካባቢ መሆን አለበት። ደፍርሶ ከቀረ የኬጊን አየኑ ቦታ በሃይድሮክሳይድ ዝቃጭ ተይዟል፤ ሸክላ አታባክኑበት፣ እንደገና ጀምሩ።

የሃይድሮክሳይድና የብረታ ብረት ሞል ጥምርታ እዚህ 2.0 ነው። አሉሚኒየም ብቻ ሲሆን እስከ 2.4 ድረስ ይኬዳል፤ ብረት ሲጨመር ግን ዝቃጩ ቶሎ ስለሚመጣ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ብረቱን ከ10 በመቶ በላይ ማሳደግም ፈታኝ ሐሳብ ነው፣ አናበረታታም። ትርፉ ብረት ምሰሶው ውስጥ አይገባም፤ በሸክላው ገጽ ላይ ኦክሳይድ ሆኖ ይከማችና በመጀመሪያው ሙከራ ወደ ውሃው ይሟሟል።

አንጠባጥባችሁ ስትጨርሱ በ60 ዲግሪ ለ2 ሰዓት እያማሰላችሁ አቆዩት፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ በክፍሉ ሙቀት ይቀመጥ። በማግስቱ የምሰሶውን ፈሳሽ በሸክላው ብጥብጥ ላይ፣ በኃይል እያማሰላችሁ፣ በ2 ሰዓት ያህል ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ሸክላውን በፈሳሹ ላይ መድፋት ጓል ያበዛል። ከዚያ ለ24 ሰዓት ይማሰል። የምሰሶው አየን ሸክላው ከሚቀበለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ትርፉ ሆን ተብሎ ነው፣ ምክንያቱም ሶዲየሙ ወጥቶ እንዲያልቅ ግፊት ያስፈልጋል።

ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማቃጠል

በዲስቲልድ ውሃ እየበጠበጣችሁ በሴንትሪፊውጅ መልሱ። ከታጠበው ውሃ ጥቂት ወስዳችሁ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጨምሩበት፤ ነጭ ደመና ካሳየ ክሎራይድ አለ፣ ቀጥሉ። ደመናው እስኪጠፋ ብዙ ዙር ሊፈጅ ይችላል። እዚህ ላይ የሚዘለል እጥበት በኋላ በምድጃው ውስጥ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጢስ ሆኖ ይወጣል፣ ምድጃውንም ይበላል።

በ60 ዲግሪ ሌሊቱን አድርቃችሁ በሙቀጫ ፍጩና በ100 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ንፉ። ከዚያ በሸክላ ወይም በፖርሴሊን ክሩሲብል ሳስቶ እንዲዘረጋ አድርጋችሁ ወደ ምድጃ አስገቡ። ሙቀቱ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ እየጨመረ 400 ዲግሪ ይድረስ፣ እዚያ ለ2 ሰዓት ይቆይ። በፍጥነት ከተሞቀ ውሃው በንጣፎቹ መካከል በድንገት ተንኖ ምሰሶዎቹን ያፈርሳል። 500 ዲግሪም ይሆናል፤ ከ600 ሲያልፍ ግን ሸክላው ራሱ መፍረስ ይጀምራል።

ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የንጣፎቹን ርቀት በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ የመጀመሪያውን መስመር ቦታ እዩ። በመዳብ ጨረር ሲለካ 4.9 ዲግሪ አካባቢ ያለ መስመር 1.8 ናኖ ሜትር ርቀትን ያመለክታል፤ ምሰሶው ቆሟል ማለት ነው። መስመሩ 8.8 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ርቀቱ 1.0 ናኖ ሜትር ነው፤ ንጣፎቹ ገጥመዋል። መሣሪያው ከሌለ ያንኑ የማበጥ ፈተና በ2 ግራም ካታሊስት ድገሙ። ምሰሶ የቆመለት ሸክላ አያብጥም፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሰምጦ ጥቂት ቦታ ብቻ ይይዛል። እንደ ድሮው ካበጠ ሶዲየሙ አልወጣም። አለማበጡ ብቻውን ግን ሙሉ ማስረጃ አይደለም፤ ተቃጥለው የገጠሙ ንጣፎችም አያብጡም። ሁለቱን የሚለየው የገጽ ስፋት መለኪያ ነው፤ ጥሩ ባለምሰሶ ሸክላ ብዙውን ጊዜ በግራም ከ150 እስከ 300 ካሬ ሜትር ያሳያል፣ ጥሬው ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 በታች ነው።

ከውሃው ጋር ማሠራት

ለመጀመሪያ ሙከራ ሜቲሊን ብሉ አትምረጡ። ይህ ቀለም ፖዚቲቭ ስለሆነ ሸክላ ላይ በፍጥነት ይለጠፋል፤ ምንም የማይሠራ ካታሊስት እንኳ ድንቅ መስሎ ይታያል። አሲድ ኦሬንጅ 7 የተባለው፣ ኦሬንጅ 2 ተብሎም የሚጠራው ቀለም ኔጋቲቭ ነው፤ ሸክላው ብዙም አይስበውም፣ ስለዚህ ከጠፋ የጠፋበትን ምክንያት መለየት ይቀላል። ፌኖልም ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ሆኖም ቆዳ ያቃጥላል፣ በቆዳም አልፎ ይመርዛል። ልምድ ሳይኖር አይነካም።

የፐሮክሳይዱን መጠን በግምት አትጨምሩ፤ ከቀመር አውጡት። አንድ ሞል ኦሬንጅ 2 እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ድረስ ለማፍረስ 42 ሞል ፐሮክሳይድ ይፈልጋል፤ ለፌኖል 14 ሞል ነው። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ኦሬንጅ 2 ያለበት ውሃ 204 ሚሊ ግራም ፐሮክሳይድ ይፈልጋል፤ ይህም ከ30 በመቶው ፐሮክሳይድ 0.6 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 100 ሚሊ ግራም ፌኖል ላለበት ሊትር ደግሞ 1.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

ቀመሩ የሚሠራው ፐሮክሳይዱ በእርግጥ 30 በመቶ ከሆነ ነው። ተከፍቶ የቆየ ፐሮክሳይድ ይደክማል። 1 ሚሊ ሊትሩን ወደ 100 አቅጥናችሁ ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፤ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምራችሁ በ0.02 ሞላር ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ታይትሬት አድርጉ፤ ማለትም ከቡሬት እያንጠባጠባችሁ የገባውን መጠን ለኩ። ሮዝ ቀለሙ ለ30 ሰከንድ ሳይጠፋ የሚቆየው 19.6 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ከሆነ ፐሮክሳይዱ ልክ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር ላይ ከቆመ ግማሹ ብቻ ቀርቷል።

አሁን 1 ሊትር የቀለም ውሃ በቢከር አድርጉ፤ በ0.1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን 3.5 አድርሱ። 1 ግራም ካታሊስት ጨምራችሁ፣ ዕቃውን ከብርሃን ሸፍናችሁ፣ ለ30 ደቂቃ ያለ ፐሮክሳይድ አማስሉ። በዚህ መጨረሻ ላይ ያለው ልኬት የተለጠፈውን መጠን ይነግራችኋል፤ የመፍረሱ መነሻም እሱ ነው። ከዚያ ፐሮክሳይዱን በአራት ከፍላችሁ በየ15 ደቂቃው 0.15 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ትርፉ ፐሮክሳይድ ራሱ ሃይድሮክሲል ራዲካሉን ይበላና ደካማ ራዲካል ይተካበታል፤ ብዙ ተጨምሮ ትንሽ የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብርሃን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አልትራቫዮሌት ያለበት ብርሃን ብረቱን ወደ ባለ 2 ቻርጅ ቶሎ ስለሚመልሰው ሥራውን ያፋጥናል። በእውነተኛ ማከሚያ ላይ ይህ ጥቅም ነው፤ በፈተና ላይ ግን የመስኮት ፀሐይ የገባበትና ያልገባበት ሙከራ አይወዳደሩም።

በ0፣ 5፣ 15፣ 30፣ 60 እና 120 ደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር እየወሰዳችሁ በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አጣሩና ወዲያው በስፔክትሮፎቶሜትር (ውሃው የሚመጠውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) በ485 ናኖ ሜትር ለኩ። 50 ሚሊ ግራም ያለው ውሃ ሳይቀጥን ከተለካ ከመሣሪያው አስተማማኝ ክልል ይወጣልና 5 ጊዜ አቅጥኑት። ማጣሪያው ራሱ ቀለም ሊይዝ ስለሚችል ያልታከመ የቀለም ውሃ አሳልፋችሁ ልዩነት እንደሌለው አስቀድማችሁ እዩ።

ቀለም መጥፋቱ አይበቃም

ውሃው ጠራ ብሎ ካታሊስቱ ሠራ ማለት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚፈጸሙት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ቀለሙ የሚጠፋበት መንገድ ቢያንስ አራት ነው፤ ሸክላው ላይ ተለጥፎ፣ በፐሮክሳይዱ ብቻ፣ ከሸክላው ተሟሙቶ በወጣ ብረት፣ ወይም በሸክላው ላይ በቀረው ብረት። እናንተ የምትፈልጉት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዋናው ሙከራ ጎን እነዚህን ጨምሩ፦ ካታሊስት ያለ ፐሮክሳይድ፤ ፐሮክሳይድ ያለ ካታሊስት፤ ፐሮክሳይድ ከጥሬው ቤንቶናይት ጋር። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን ጥሬ ቤንቶናይት ራሱ ብረት አለው፣ አንዳንዱም ያለ ምንም ማሻሻያ ጥቂት ይሠራል። ልፋታችሁ ያመጣው ትርፍ የሚታየው ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ከአራቱ መንገዶች ለሦስተኛው፣ ማለትም ለሚሟሟው ብረት፣ በ60ኛው ደቂቃ ከውሃው ግማሹን በደንብ አጣሩ። በተጣራው ላይ ቀለሙን መልሳችሁ 50 ሚሊ ግራም በሊትር አድርሱት፣ አዲስ ፐሮክሳይድ ጨምሩና መለካቱን ቀጥሉ። ካታሊስቱ ሳይኖር ቀለሙ በዚያው ፍጥነት ከጠፋ ሥራውን የሚሠራው የሟሟው ብረት ነው፤ ሸክላችሁ ብረትን በቀስታ የሚለቅ ከረጢት ሆኗል ማለት ነው። የብረቱን መጠን በፌናንትሮሊን ለኩ፤ መጀመሪያ በአስኮርቢክ አሲድ ሁሉንም ወደ ባለ 2 ለውጡ፣ ከዚያ ብርቱካናማውን ቀለም በ510 ናኖ ሜትር አንብቡ።

መጨረሻ ላይ ያገለገለውን ሸክላ ተመልከቱ። ታጥቦም ብርቱካናማ ከሆነ በ0.01 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አማስሉት። ፈሳሹ ቀለም ካወጣ ያ ቀለም አልፈረሰም፣ ተለጥፎ ነበር።

ቀለም ከጠፋ በኋላም ሥራው ገና ነው። ቀለሙን የሚሰጠው የናይትሮጅን ድልድይ ቀድሞ ይሰበራል፤ የቀሩት የካርቦን ቀለበቶች ግን ውሃው ውስጥ አሉ። ፌኖል ሲፈርስ ውሃው መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፤ ይህ የካቴኮል፣ የሃይድሮኪኖንና የቤንዞኪኖን ምልክት ነው። ሃይድሮኪኖንና ቤንዞኪኖን ከፌኖሉ የባሰ መርዝ ስለሆኑ ሥራውን ቡናማው ደረጃ ላይ ማቋረጥ ውሃውን ከመነሻው የባሰ ያደርገዋል። ቀጥሎ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ማሌይክ፣ ኦክሳሊክ፣ ፎርሚክና አሴቲክ አሲዶች ይመጣሉ። ኦክሳሊክና አሴቲክ አሲድ በዚህ መንገድ በቀላሉ አይፈርሱም፤ ኦክሳሊክ አሲድ ጭራሽ ብረቱን ከሸክላው ይስባል። ለዚህ ነው ብረት የሚወጣው ከመጀመሪያው ይልቅ ከመካከል በኋላ የሚሆነው።

የፈረሰውን በትክክል የሚያሳየው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ነው። ሲኦዲ (በውሃው ውስጥ ያለውን ነገር በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈለገው የኦክስጅን መጠን) ስትጠቀሙ የተረፈ ፐሮክሳይድ ያታልላችኋል፤ 1 ሚሊ ግራም ፐሮክሳይድ በግምት 0.47 ሚሊ ግራም ሲኦዲ መስሎ ይነበባል። ናሙናውን ፒኤች 7 አድርሳችሁ ጥቂት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ጨምሩ፤ አረፋው ሲቆምና የፐሮክሳይድ ወረቀት ምንም ሳያሳይ ሲቀር አጣርታችሁ ለኩ። ሰልፋይት ተጠቅሞ ማጥፋትም ይቻላል፤ ትርፉ ሰልፋይት ግን ራሱ ሲኦዲ ይሆናል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ጭራሽ የማይሠራ ከሆነ መጀመሪያ ፒኤቹን ለኩ። ከ5 በላይ ፐሮክሳይዱ ወደ ኦክስጅንና ውሃ መበታተኑ ያይላል፤ አረፋ ታያላችሁ፣ በካዩ ግን አይቀንስም። ከ2.5 በታች ደግሞ ብረቱ በብዛት ይሟሟል። ሥራው ሲጀምር ከዘገየና ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ በድንገት ከፈጠነ የሟሟ ብረት ጥርጣሬያችሁን ከፍ አድርጉ፤ የማጣሪያውን ፈተና ሳትሠሩ አትለፉ።

በንጹህ ውሃ ሠርቶ በእውነተኛ ፍሳሽ ሲከሽፍ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ባይካርቦኔት፣ ፎስፌት ወይም ክሎራይድ ነው። ባይካርቦኔቱን አሲዱ ይፈታዋል፤ ፒኤቹ ከወረደ በኋላ ጥቂት አየር ብትነፉበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ፎስፌት ብረቱን ይይዘዋል፤ አስቀድሞ ካልተወገደ መድኃኒት የለውም። ክሎራይድ የበዛበት ፍሳሽ ከፍጥነት መቀነሱ በላይ ክሎሪን ያዘሉ አዳዲስ ኦርጋኒክ ውህዶች ሊፈጥር ስለሚችል በጣም ጨዋማ ለሆነ ፍሳሽ ይህን ዘዴ አንመክርም።

ካታሊስቱ ሲደጋገም መድከሙ አይቀርም። በገጹ ላይ የተከማቸ ኦርጋኒክ ነገር ከሆነ ያደከመው፣ አጥባችሁ አድርቃችሁ በ400 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ስታቃጥሉት ይመለሳል። ተቃጥሎም ካልተመለሰ ብረቱ ወጥቷል፤ ያን ማቃጠል አያመጣውም። በየዙሩ ክብደቱን መዝግቡ፤ ደቃቁ ክፍል ከማጣሪያው ጋር እየሄደ ብዙ ሰው ኪሳራውን የካታሊስቱ ድካም አድርጎ ይቆጥረዋል።

ስለ ፐሮክሳይድ አደጋ ሳንናገር አናልፍም። 30 በመቶው ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ግድ ነው። የተረፈውን ናሙና ክዳኑ በጠበቀ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ በብረት እየተበታተነ የሚያወጣው ኦክስጅን ጠርሙሱን ያፈነዳል። አሴቶን ያለበት ፍሳሽ ላይ ወይም በአሴቶን በታጠበና ባልደረቀ ዕቃ ውስጥ ፐሮክሳይድ አይገባም፤ የሚፈነዳ ውህድ ሊፈጠር ይችላል።

ከቢከር ወደ እውነተኛ ፍሳሽ

በካዩ ምን እንደሆነ በማይታወቅበት ፍሳሽ ላይ ፐሮክሳይዱን በሲኦዲው አስሉ፤ ለ1 ግራም ሲኦዲ 2.125 ግራም ፐሮክሳይድ። በሊትር 500 ሚሊ ግራም ሲኦዲ ያለው ፍሳሽ ከ30 በመቶው 3.2 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ከዚህ ግማሹን፣ ልኩንና አንድ ተኩል እጥፉን በሦስት ቢከር ሞክሩ። ሁሉንም ነገር እስከ መጨረሻው ማፍረስ ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው መርዛማውን ክፍል ሰብሮ ቀሪዎቹን አነስተኛ አሲዶች ለባክቴሪያ ማከሚያ መተው ነው። ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ፐሮክሳይዱ ማለቁን አረጋግጡ፤ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል።

የታከመው ውሃ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በኖራ ፒኤች ከ7 እስከ 8 ይድረስ፤ የሟሟው ብረት ቡናማ ብናኝ ሆኖ ይዘቅጣል። ይህ ውሃ ለመጠጥ አይደለም።

በዱቄት መሥራት የሚያስቸግረው ማጣራቱ ነው። ለተከታታይ ፍሰት ካታሊስቱን ሳይቃጠል በፊት ከጥቂት ጥሬ ቤንቶናይት ጋር በውሃ ለውሳችሁ በመርፌ ቱቦ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክር መልክ ግፉት፣ ቆራርጣችሁ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። ከዚያ በ500 ዲግሪ አቃጥሉት። ፍሬዎቹን ለአንድ ቀን በውሃ ነክራችሁ የሚፈርስ ካለ ውሃው ሲደፈርስ ታዩታላችሁ። ፍሬው ከዱቄቱ በዝግታ ይሠራል፣ በካዩ ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋልና፤ ስለዚህ ውሃው የሚቆይበትን ጊዜ አርዝሙ። ፍሬዎቹን በዓምድ (ውሃው በሚያልፍበት ቀጥ ብሎ በቆመ ቱቦ) ስትሞሉ ውሃው ከታች ወደ ላይ እንዲሄድ አድርጉ። ፐሮክሳይዱ የሚያወጣው ኦክስጅን አረፋ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ወደ ታች ከፈሰሰ ግን አረፋው በፍሬዎቹ መካከል ይታገትና ውሃው በአንድ ጎን ብቻ መንገድ ያበጃል።